በሁዳዴ የተሰቀለው ዓሣ

ደረሰ የሚባለው ዓሣ አርቢ የተገኘው በተከዜ ሐይቅ ዳር፣ በራሱ ማርቢያ ኩሬ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። አንገቱ ላይ የመረብ ገመድ ተጠምጥሟል። ዝንቡ ከሰው ቀድሞ ደርሷል።

ኢንስፔክተር መንግሥቴ ከሰቆጣ ሲደርስ የአበርገሌ ፖሊሶች አስጋሪውን ጓንጉልን በካቴና አስረው ጠበቁት። ገመዱ ከእሱ መረብ የተቆረጠ ነው።

«ሁዳዴ ከገባ መረቤ ዳር ላይ እንደተሰጣ ነው» አለ ጓንጉል። «ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሊቆርጠው ይችላል።»

«ከደረሰ ጋር ተጣልታችኋል?»

«መረብ አትጣል ቢለኝ ሰደብኩት። አልገደልኩትም፣ ጌታዬ።»

የሟች ሚስት ጥሩሐረግ እንትፍ አለችበት። «ነፍሰ ገዳይ!»

መንግሥቴ ወደ ኩሬው ጎንበስ አለ። ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። የሁሉም ክንፍ ጫፉ ተቆርጧል።

«ይህ ምንድን ነው፣ እቴ?»

«ምልክቱ ነው። ለመንጠቆ ጨዋታ ከሌላ ቦታ ያመጡት አውሬ ዓሣ የተከዜን የራሱን ዓሣ ጨረሰው። ደረሰ እነዚህን አሳድጎ ሊመልስ ነበር። ነገ ቄሱ ጸበል ረጭተው፣ የመጀመሪያዎቹ ሊለቀቁ...»

ከኩሬው በላይ መልአኩ የሚባል ሰው የእንግዳ ማረፊያ አለው። ለመንጠቆ ውድድር እንግዳ የሚያመጣው እሱ ነው። በሩ ላይ የልጅ ቁመት ያለው ዓሣ ተሰቅሎ ይሸታል።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ!» አለ መልአኩ ከውስጥ ወጥቶ። «ትናንት ማታ ብቻዬን በትል ያወጣሁት። ዛሬ ዳኞቹ ይመዝኑታል። እርስዎም ፎቶ ይነሡ!»

«ሆድ ዕቃው አልወጣም?»

«በሁዳዴ? እኔ ደም አልነካም። ከተመዘነ በኋላ እንግዶቹ ይቅደዱት።»

«ኩሬው ጋ ትሄዳለህ?»

«ዝር ብዬ አላውቅም።»

መንግሥቴ ሁሉንም በዓሣው ሥር ሰበሰበ። ቢላ ተቀብሎ ሆዱን ሰነጠቀው። ግማቱ ሰዉን ወደ ኋላ ገፋ። እጁን አስገብቶ በንፍጥ የተለወሱ ትናንሽ ዓሦች አወጣ። ክንፋቸው ተቆርጧል።

«ከኩሬው ገና አንድም አልተለቀቀም» አለ። «ይህ ግን በልቷቸዋል። ስለዚህ የሰረቀ አለ፤ ገሚሱን ለማባበያ ውሃው ላይ በትኖ፣ አንዱን መንጠቆው ላይ ሰክቷል። ዓሣውን ብቻዬን አወጣሁ ያለው ማነው? ደረሰ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ያዘው። ቢናገር ውድድሩ ይዘጋል። የጓንጉል መረብ እዚያው ዳር ተሰጥቶ ነበር፤ ገመዱን ቆርጦ አነቀው።»

መልአኩ ጮኸ። «አንድ እፍኝ ዓሣ እኮ ነው! ለአንድ እፍኝ ዓሣ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ!»

ፖሊሱ ካቴናውን ከጓንጉል ፈትቶ ለመልአኩ አጠለቀ። ጥሩሐረግ ጓንጉልን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

መንግሥቴ እጁን በአሸዋ ፈተገ። ሽታው አልለቀቀውም።

«ትናንት ብትቀደው ኖሮ አላገኝህም ነበር» አለ። «የዓሣ ደም ተጸይፈህ አደርክ። የሰው አንገት ግን አልተጸየፍክም።»