ጠይምነቴ ሳይለቅ

ራስል የሄደው በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሚከበረው የሠራተኞች ቀን በዓል ባለፈ ማግስት ነው። የሐይቅ ዳሯ ከተማችን የሉዲንግተን የበጋ እንግዳ ሁሉ ድንኳኑንና ልጆቹን ጭኖ ሲወጣ፣ እሱም ወደ ጭነት መርከቡ ተመለሰ። የተዋወቅነው በጁን ነበር፤ አይስክሬሙ ቀልጦ እስከ ክርኑ ሲወርድበት ሶፍት አቀበልኩት፣ ከዚያ በኋላ አይስክሬም ሳያምረው በየቀኑ ይገዛ ጀመር።

«መቼ ትመጣለህ?» አልኩት።

ክንዴን አየና ሳቀ። በጋውን ሙሉ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ቆሜ አይስክሬም ስሸጥ እንደ ዳቦ ቅርፊት ጠይሜያለሁ።

«ይሄ ጠይምነትሽ ሳይለቅ» አለኝ።

እሱ ለጨዋታ ይበለው ለእውነት፣ እኔ ቃል አድርጌ ያዝኩት። ሐይቁ መሀል ስልክ እንደ ልብ አይሠራም፤ ሲሠራም ራስል ስልክ ላይ ቃል ያጥረዋል። ከመርከብ ገመድ ፈትል መዝዞ በጁላይ የእጄ አንጓ ላይ ያሰረልኝ ክርም፣ እሱ በሄደ በሳምንቱ ዕቃ ሳጥብ ተበጠሰና ከነአረፋው ወረደ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

እዚህ አገር የበጋ ጠይምነት ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው። አብሬያት የምኖረው አክስቴ ቬርና ግን መላ አላጣችም።

«በሙቅ ውሃ አትታጠቢ፤ ቆዳሽንም አትፈትጊ። በፎጣው መታ መታ እያደረግሽ አድርቂና፣ ቆዳሽ እንደረጠበ ዘይት ቀቢው። ቆዳ ሲደርቅ ነው የሚረግፈው፤ ሲረግፍ ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል» አለችኝ። ከኩሽናዋ መስኮት እሬት ቆርጣ፣ ዝልግልጉን ከኮኮናት ዘይት ጋር መታችልኝ።

ጠዋት ማታ ተቀባሁ። አንዴማ አቮካዶ ፈጭቼ ተለቅልቄ የአክስቴን ድመት አስደነገጥኩ። ኦክቶበር ላይ አይስክሬም ቤቱ ተዘጋና ፋርማሲ ተቀጠርኩ፤ የሳል ሽሮፕ ከእኔ የሚገዙት ሁሉ እንደ ወረቀት ነጥተዋል። ከሥራ ስመለስ መስታወት ፊት ቆሜ ክንዴን እያገላበጥኩ አየዋለሁ። «አለ፣ ገና ነው» እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። በተቀባሁ ቁጥር ለእሱ አንድ ቀን የጨመርኩለት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

የምስጋና ቀን ማግስት በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ከፈተችለት፤ ራስል ነበር፣ ጢሙ ላይ በረዶ አለ። እጅጌዬን ሰብስቤ ሰሃን እያጠብኩ ነበርና እርጥብ እጄን እንደዘረጋሁ ሮጥኩ።

ክንዴን አየና ባለበት ቀረ።

«ፍሎሪዳ ፀሐይ ላይ ነበርሽ እንዴ?»

«ምን?»

«በኖቬምበር እንዲህ የጠየመ ሰው እዚህ ከተማ አይቼ አላውቅም። ከማን ጋር ሄድሽ?»

ሦስት ወር ሙሉ ምድጃ እንደሚገባ ዶሮ ስቀባ ከርሜ! እልህ ያዘኝ።

«ብሄድስ? አንተ ምን ቸገረህ?»

ኮፍያውን ደፋ። «ልክ ነሽ» አለና ወጣ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች አክስቴ ከሳሎን።

«ይሂድ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ። ታዲያ ዘይቴን ለማን ብለሽ ነው የጨረስሽው?»

ወደ ሰሃኔ ተመለስኩ። እጄን ሳለቀልቅ ነው ያየሁት፤ አንጓዬ ላይ፣ ክሩ በነበረበት፣ ቀጭን ነጭ መስመር ዙሪያውን ይዞራል።

ካፖርት ሳልደርብ ወጣሁ። ራስል መኪናውን አስነስቶ ከመስታወቱ ላይ በረዶ እየጠረገ ነበር። አንጓዬን አፍንጫው ስር ዘረጋሁለት። መስመሩን በጣቱ ዳሰሰው።

«ክሩ መቼ ተበጠሰ?»

«አንተ በሄድክ በሳምንቱ።»

መርከበኛ ነው፤ ፀሐይ ቆዳን ምን እንደምታደርግ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ላይ ተኝቼ ቢሆን ኖሮ ነጩም ይጠይም ነበር።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ...»

«የኮኮናት ዘይት ነው። እሬትም አለበት። ሳይለቅ እመጣለሁ አላልከኝም?»

«ለጨዋታ እኮ ነው ያልኩት» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሊኔት፣ ለጨዋታ ነበር።»

«አውቃለሁ። ግን ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።»

ከኪሱ የገመድ ፈትል አውጥቶ ነጩ መስመር ላይ አሰረልኝ። በቀዘቀዘ ጣቱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነው የተሳካለት።

በነጋታው ሄደ፤ መርከቡ እስከ ጃንዋሪ አይቆምም። እኔም ዘይቱን ተውኩት። ቤቱ ግን ያው ጭር ያለው ቤት ነው፤ የገናን እራት ከአክስቴ ጋር ሁለታችን ብቻ በላን።

ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ሲሠራ መጣ። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ክሩን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ከስሩ አየ። ክንዴ ሁሉ አንድ ቀለም ሆኗል።

«ለቋል» አለ።

«ለቋል።»

«ዘገየሁ ማለት ነው?»

«ዘግይተሃል» አልኩት። «ግባና በሩን ዝጋው፤ ብርድ እያስገባህ ነው።»