የታጠፈው ጋዋን

«አትጩሂ! ሰው ይሰማል» አላት አስናቀ።

ሰገነት አልጮኸችም። እናቷ ዓሣ ግዢ ብላ ወደ ሐይቁ ዳር ብትልካት፣ ታንኳዎቹ ከሚቆሙበት ፈቀቅ ብሎ ካለው ዋርካ ሥር ማንን ታግኝ? ታላቅ ወንድሟን! ሰፈሩ በሙሉ ዶክተር እያለ የሚጠራውን አስናቀን! በሥራ ሰዓት፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጠጠር ወደ ጣና ሲወረውር። ነጩ ጋዋን በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተቀምጧል። ትናንት የተኮሰችው እሷው ናት።

«ጋሼ፣ ሆስፒታል አይደለህም እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ዛሬ ዕረፍት ነህ?»

«ከሰኔ ጀምሮ ዕረፍት ነኝ» አለና ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

ሰገነት የያዘችውን ቅርጫት አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች። ሰኔ? እንግዲህ አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ፍልሰታም ተፈቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጋዋኑን ይዞ ከቤት ሲወጣ፣ እናታቸውም «እግዜር ይጠብቅህ» እያለች ስትሸኘው የሚመጣው እዚህ ነበር ማለት ነው። ሁላቸውንም ሸውዷቸዋል።

«የሶቪየቱ ዲፕሎማዬ ብቻውን እዚህ ለማከም አያበቃም» አላት አስናቀ። «ፈቃድ ለማግኘት ትፈተኛለሽ። በእንግሊዝኛ። እኔ ደግሞ የማውቀውን ሁሉ የማውቀው በሩሲያኛ ነው። በሽተኛ ፊት አቆሙኝ፤ በሽታውን አየሁት፤ አወቅሁት። ስሙ ግን አልመጣ አለኝ። ዝም ብዬ ቆምሁ።»

«ከዚያስ?»

«ወደቅሁ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ‹በበላይ ሐኪም ሥር እንደገና ትሠራለህ፣ ከዚያ ትፈተናለህ› አሉኝ። ከእኔ በኋላ ከመጡት ልጆች ጋር! ጋዋኔን አንስቼ ወጣሁ። በዚያው ቀረሁ።»

«ለአባባ ለምን አትነግራቸውም?»

«አብደሻል? ስመጣ በግ አርደው አገር ምድሩን የጠሩ ሰው! ያፍሩብኛል።» ክንዷን ያዘ አደረጋት። «ለማንም አልናገርም በይ። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አለች ሰገነት ሳታስበው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ጉዱ የገባት።

ምክንያቱም ለነገ ጠዋት ከእሷም መልስ ይጠበቃል። የማትሪክ ውጤቷ ሲመጣ ሶቪየት ኅብረት ሄዳ ሕክምና እንድትማር ተመርጣለች። ዳይሬክተሩ ጓድ ደሞዝ «ወይ ውጭ፣ ወይ እዚሁ ፔዳ ገብተሽ አስተማሪነት፤ ቁርጡን ንገሪኝ» ብሏታል። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ መልሷ ያለቀ የደቀቀ ነበር። ሐኪም መሆን ስትመኝ ነው የኖረችው። አሁንስ? እምቢ ብትል ጓድ ደሞዝ «የደብተራ ልጅ የአብዮቱን ዕድል ናቀች» ማለቱ አይቀርም። እናቷ «ለምን?» ትላለች፤ ለምን እንደሆነ እንዳትናገር ደግሞ ማርያምን ብላለች። እሺ ብላ ብትሄድስ? ከሰባት ዓመት በኋላ እዚህ ዋርካ ሥር ጠጠር የሚወረውረው ማን ሊሆን ነው? በየት በኩል ትውጣ?

«እኔን ከጠየቅሽኝ ቅሪ» አላት አስናቀ፣ ሐሳቧን ያወቀባት ይመስል። «ፔዳ ግቢ። ቢያንስ በሚገባሽ ቋንቋ ትወድቂያለሽ።»

ሰገነት ተናደደች። በእሱ ይሁን በራሷ አላወቀችም። ቅርጫቷን አንስታ ዓሣውን ልትገዛ ሄደች።

ራት ላይ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታቸው አራቱም አንድ ትሪ ከበው ተቀመጡ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እንደ ልማዳቸው የዓሣውን እሾህ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እናቷ የሺመቤት ጉርሻዋን ሳትጨርስ ወሬ ጀመረች።

«እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ዓይናቸው ሊጠፋ ነው አሉ። ነገ ከደሴቱ ገዳማቸው በጀልባ ይመጣሉ። ሆስፒታልህ ድረስ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ አስናቀ፤ አንተ ታያቸዋለህ። ዶክተር ልጅ እያለን ምን ገዶን!»

አስናቀ የጠቀለለውን እንጀራ እንደያዘ ቀረ። ቀስ ብሎ ወደ ሰገነት አየ። ማርያምን ብለሻል፣ ይላል ዓይኑ። ሰገነት ዓይኗን ወደ ትሪው መለሰች። ነገ እናቷ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ «ልጄን ጥሩልኝ» ስትል ታያት፤ ዘበኛው «የትኛው ልጅዎ?» ሲላት። እንዲህስ አይሆንም! ግን ምን ትበል?

«ኧረ ይጉረሱ መሪጌታ!» አለች እናቷ፣ ባሏ እሾህ ለቀማውን አልጨርስ ሲሉባት። «ዓሣውም እንደ ድጓው ሁለት ጊዜ ካልተመለሱበት አይሆንልዎትም?»

የቤቱ የቆየ ቀልድ ነው። ድጓ የተማረ ሰው ሌላ ቦታ የቱንም ያህል ቢማር፣ ቤተልሔም ከሚባለው የድጓ ምስክር ቤት ሄዶ በመምህራኑ ፊት ካላስመሰከረ መሪጌታ አይባልም። አባቷ ደግሞ ከማስመስከራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ወድቀው ተመልሰዋል ይባላል። ሌላ ጊዜ ሁሉም ይስቁ ነበር። ዛሬ ሰገነት አልሳቀችም። የማለችው እንዳትናገር እንጂ እንዳትጠይቅ አይደለም።

«አባባ፣ እውነት ሁለት ጊዜ መልሰውዎታል?»

«መልሰውኛል እንጂ!» አሉ መሪጌታ። «ሁለተኛውን ጊዜማ ምን እንዳደረግሁ እናትሽም አታውቅ። አባቴ ድግስ ደግሰው ይጠብቁኛል፤ ምን ፊት ይዤ ልግባ? ‹አስመስክሬያለሁ፣ ጥቂት ሰንብቼ እመጣለሁ› ብዬ ላክሁና ዘጌ ገብቼ ቡና ለቃሚ ሆንሁ።»

«እግዚኦ!» አለች የሺመቤት። «ይህን ሁሉ ዘመን ሳይነግሩኝ?»

«ምኑን ልንገርሽ? የሚያኮራ ነገር መሰለሽ?»

«ከዚያስ?» ያለው አስናቀ ነው። ድምፁ ሻክሯል።

«ከዚያማ የደብራችን መሪጌታ ታመመና ‹ና ማኅሌቱን ምራልን› ብለው ላኩብኝ። ምን ይዋጠኝ! ለአባቴ አፍረጥርጬ ነገርኋቸው።»

«ተቆጡዎት?»

«የለም። ስንቄን ቋጥረው እስከ ቤተልሔም ሸኙኝ። በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች መሀል ተቀምጬ እንደ አዲስ ጀመርሁ። አፈርሁ እኮ፣ ኋላ ግን ለመድሁት።» መሪጌታ ወደ ዓሣቸው ተመለሱ።

አስናቀ የያዘውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰ።

«አባባ» አለ። «ነገ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ድረስ ይሸኙኛል?»

«ምነው፣ ሕፃን ነህ?» ብላ ሳቀች እናቱ። የሳቀላት ሰው ግን የለም።

«እማሆይንም ይዘናቸው እንሄዳለን» አለ አስናቀ። «የሚያያቸው ግን ሌላ ሐኪም ነው፣ እማ።»

መሪጌታ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ያጠሩትን ዓሣ ጠቅልለው አጎረሱት።

«እሸኝሃለሁ» አሉ። «በጧት ተነስ።»

ሰገነት እሾህ የያዛት መስላ መሳል ጀመረች። እናቷ ውሃ ልታመጣላት ተነሳች፤ እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

በማግስቱ ወንድሟ ጋዋኑን በላስቲክ ሳይጠቀልል ክንዱ ላይ አንጥፎ፣ እማሆይን ሊቀበል ከአባቱ ጋር ሲወጣ አየች። ከዚያ እሷም ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ጓድ ደሞዝ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር።

«እህ፣ ወሰንሽ?»

«እሄዳለሁ። ግን ጥያቄ አለኝ።»

«ስለ ብርዱ ከሆነ ካፖርት ይሰጣችኋል።»

«ስለ ብርዱ አይደለም። ጨርሼ ስመለስ ፈቃድ ለማግኘት የሚፈትነኝ ማን ነው? ምን ምን ይጠይቀኛል? እንግሊዝኛውን ከአሁኑ ጀምሬ እንድይዘው ነው።»

ጓድ ደሞዝ ብዕሩን አስቀመጠ። «ገና ሳትሄጂ ስለ መመለስ ታወሪያለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ጓድ» አለች ሰገነት። «እስኪያጣሩልኝ እጠብቃለሁ።» ተቀመጪ ባይላትም ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።