ወደ ገጽ ሰባት የወረደው ዜና

የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሬሳ የተገኘው በማለዳ ነው፤ ከሕንጻው ጀርባ፣ የወረቀት ጥቅል በሚራገፍበት ግቢ፣ ከብረቱ ደረጃ ግርጌ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ዘበኛው ይጮኻል፣ ስልክ ይጮኻል፣ መውጫ ያጣ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ያስጮኻል፤ በዚያ ግቢ ዝም ያሉት ሟቹ ብቻ ነበሩ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እመት ለምን» ይሏታል። አይፈረድባቸውም፤ ሴትዮዋ «እንዴት አደርሽ» ሲሏት እንኳ «ለምን ጠየቅኸኝ?» ሳትል አታልፍም። ሬሳው ሲነሳ ጎንበስ ብላ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰችው። ግቢው ሁሉ ውሃ አቁሮ ሳለ ከጀርባቸው ሥር የነበረው ሲሚንቶ ደረቅ ነው። የኮታቸውም ቁልፎች ተበጥሰዋል። «ደረጃ ቁልፍ አይበጥስም» አለች፣ «እጅ ነው የሚበጥስ።»

በማግስቱ ጋዜጣው ገዳዩን ያገኘ መስሎ ወጣ። ገጽ አንድ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ በትልልቅ ፊደል «ዋና አዘጋጃችን ከአንባቢ ጋር ከተገናኙ በኋላ ሞተው ተገኙ» ይላል። ከሥሩ አፋቸውን የከፈቱ፣ ጣታቸውን የቀሰሩ ሽማግሌ ፎቶ አለ። «እየጮኹ ከሕንጻው ሲወጡ ታይተዋል» ይላል ጽሑፉ። ከተማው ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ ታሰሩ።

ሰውዬው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በየሳምንቱ ጋዜጣውን በቀይ አስምረው እየመጡ ስለሚሟገቱ ጋዜጣ ቤቱ «ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል።

«ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ» አለ የመርማሪዋ አለቃ። «ፋይሉን ዝጊው።»

«ለምን?»

«ይኸው ጀመረሽ!» ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

በእስር ቤቱ ጠባብ ክፍል ሽማግሌው ተቀምጠው አላገኘቻቸውም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ። ሴት ልጃቸው በሩ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች።

«ልጄን ትምህርት ቤት 'የገዳይ ልጅ ልጅ' አሏት» አለች፣ ለመርማሪዋ። «እሷ መጀመሪያውኑ የታመመች ልጅ ናት። አባቴ ነገ ቢፈረድባቸው በዚያ ሰፈር በምን ፊቴ እኖራለሁ?»

ሽማግሌው ጋዜጣውን ከመርማሪዋ እጅ ተቀበሉ። እስክሪብቷቸው ስለተወሰደባቸው በጥፍራቸው እየቧጨሩ አነበቡት።

«ውሸት የለበትም» አሉ። «አንዲት ውሸት የለበትም! የሚያናድደኝም ይኼው ነው። 'በኋላ' ብሎ አሰረኝ። ከእኔ በኋላ ስንቱ ነገር ሆኗል! ዝናቡም ከእኔ በኋላ ነው የዘነበ፤ እኔ ነኝ ያዘነብኩት?»

«ጮኸዋል ወይስ አልጮኹም?»

«ጮኼአለሁ እንጂ! 'ገጽ አንድ! ገጽ አንድ!' እያልኩ ነው የወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነዋ! የሳሙናው ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ሰፈራችን ጉድጓድ ውሃ ይለቃል። የልጅ ልጄ በዚያ ውሃ ነው የታመመችው። ፋብሪካው ለትምህርት ቤት ወንበር ሲሰጥ ገጽ አንድ፣ ከነፎቶው። የእኛ ልጆች ሲታመሙ ገጽ ዘጠኝ፣ 'አንዳንድ ነዋሪዎች ይላሉ' ተብሎ። ያን ቀን ያሰመርኩባቸውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። ዋና አዘጋጁ አያቸው፣ አያቸውና አፈረ። 'ነገ ገጽ አንድ ላይ ይወጣል፣ የሰው ቃል!' አለኝ።»

«ታዲያ በማግስቱ የት ወጣ?»

«ማን አሳየኝ ልጄ? በማግስቱ የሰማሁት ሞቱን ነው።»

መርማሪዋ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። በሽማግሌው ትከሻ ላይ፣ ፎቶው የተቆረጠበት ጠርዝ ጋ፣ አራት ጣቶች ይታያሉ።

«ይኼ የማን እጅ ነው?»

«የእሱ ነዋ! አቅፎኝ።»

ከዚያ ወዲያ እመት ለምን እግሯ መሬት አልነካም። ጋዜጣ ቤቱ ስትደርስ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል፤ ማንም ለማንም አይቆምም። ዘበኛው እንደነገራት ያን ምሽት ፎቅ ላይ ከሟቹ ሌላ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ምክትል አዘጋጁ፣ የማስታወቂያ ኃላፊዋና የፋብሪካውን ዜና የጻፈው ዘጋቢ። ሌላ ሰው አልገባም። ትንሽ ጋዜጣ በመሆኑም ሦስቱም ገጽ ማቀናበር ይችላሉ።

ሬሳቸው በተገኘበት ዕለት ማለዳ የወጣውን ጋዜጣ አስፈልጋ ገለጠችው። ገጽ አንድ ላይ ስለ አዲስ መንገድ ምረቃ ተዘግቧል። የውሃው ዜና ገጽ ሰባት ላይ ነው፤ ርእሱ «በውሃ ጥራት ላይ ቅሬታ ቀረበ» የሚል ሆኗል፤ የዘጋቢው ስም እንኳ ተሰርዟል። አጠገቡ የዚያው የሳሙና ፋብሪካ ትልቅ ማስታወቂያ ተዘርግቷል፦ አረፋ፣ የሚስቅ ሕፃን፣ «ንጽሕና ከእኛ ጋር ነው»።

«ይኼ ዜና ስድስት ሳምንት ተቀምጦብኝ ነበር» አለ ዘጋቢው፣ ጥፍሩን እየነከሰ። «በዋና አዘጋጁ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ያን ቀን ግን እንደ ልጃቸው አቅፈው ሳሙኝ። ፎቶውንም ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ለገጽ አንድ ነበር የታሰበው።»

«ማን ቆረጠው?»

«ምክትሉ። ያልተቆረጠው ይኸው፣ ካሜራዬ ውስጥ አለ።»

የማስታወቂያ ኃላፊዋ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮዋ ይዛ ነበር። «ተይኝ እህቴ! የፋብሪካው ሰዎች ከትናንት ማለዳ ጀምሮ ይሰድቡኛል። የደንበኛን ማስታወቂያ ከገዛ ነውሩ ጎን ማን ያስቀምጣል? ሬሳ ቢቀመጥበት ይሻለኝ ነበር!» አለችና ያለችው ነገር ገብቷት አፏን ያዘች። «አምላኬ፣ ይቅር በለኝ። ግን ይኼን ደንበኛ ያመጣልን እኮ ምክትላችን ነው። የፋብሪካው ባለቤት የሚስቱ ወንድም ነው።»

ምክትሉ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን አየ። «እኔ ዝናቡ ሳይጀምር ነው ቤቴ የገባሁት። ገጹን እሳቸው ሐሳባቸውን ለውጠው ይሆናል። ደግሞ የአንድ ሰፈር ሆድ ቁርጠት ለፊት ገጽ አይሆንም።»

«ፎቶውን ለምን ቆረጡት?»

«ጋዜጠኝነት መምረጥ ነው፣ እመቤቴ።»

«እውነትዎን ነው» አለች፣ ወደ ምድር ቤቱ ማተሚያ እየወረደች።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ማተሚያው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌውም በሁለት ፖሊስ መጡ፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። ማሽኑ ቆሟል፤ ውጭ ጋዜጣ የሚጭኑት መኪናዎች ያንባርቃሉ።

«ዋና አዘጋጁ በየምሽቱ እዚህ የሚያደርጉት ምንድን ነበር?» አለች፣ የማተሚያውን ኃላፊ።

«የመጀመሪያውን ቅጂ ራሳቸው ከማሽኑ ይቀበላሉ። ቆመው ያነቡትና 'ልቀቁት' ይላሉ። ታመው እንኳ ቀርተው አያውቁም። ያን ቀን ቀሩ። መኪናዎቹ ሲጮኹብን ለቀቅነው።»

«ገጹ የተቀየረውስ መቼ ነው?»

«ዝናቡ ሲጀምር እዚህ በመስኮቱ ስለሚገባ ጥቅሎቹን በላስቲክ ሸፈንን፤ ስንጨርስ ከሳቸው ኮምፒውተር አዲስ ገጽ አንድና ገጽ ሰባት ወረደልን። እሳቸው የላኩት መስሎን።»

«እሳቸው አልላኩትም» አለች መርማሪዋ። «ከጀርባቸው ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነበር፤ ከዝናቡ በፊት ሞተዋል። ሙት ገጽ አያዛውርም። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ይኼ ለውጥ የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ይያዝ ነበር፤ ማሽኑን አስቁመው ሰውየውን ያባርሩት ነበር። በዚህ ቤት ይኼን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ገጹን የቀየረው ሰው ያን ምሽት እሳቸው እንደማይወርዱ ያውቃል። ያን ሰዓት ይኼን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገደላቸው።»

የማስታወቂያ ኃላፊዋ ስልክ ጮኸ፤ አላነሳችውም።

«ሽማግሌው አይደሉም፤ የለመኑትን ዜና አይቀብሩም፣ ፎቅም ላይ አልነበሩም። ዘጋቢውም ሰው ገድሎ የገዛ ዜናውን ገጽ ሰባት አይጥልም። የማስታወቂያ ኃላፊዋ ደንበኛዋን ለማዳን ሰው ገደለች እንበል። ታዲያ ዜናውን ወስዳ ከደንበኛዋ ማስታወቂያ ጎን ትለጥፈዋለች? የማስታወቂያ ሰው ገጽ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ጎረቤቱን ነው። ይኼን የሠራው ዜናውን እንጂ ማስታወቂያውን የማያይ ዓይን ነው፤ ክፍት ቦታ አየና ወረወረው። አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ? ለዓመታት ያልፈለገውን ዜና ወደ ውስጥ ሲያወርድ የኖረ ሰው፣ ሲደነግጥም ያደረገው ያንኑ ነው። በማግስቱ ደግሞ እቅፍን በመቀስ ቆርጦ ጠብ አደረገው። ጣቶቹ ግን ቀርተውብዎታል፣ አቶ ምክትል።»

ምክትሉ ወደ በሩ አየ። ፖሊስ ቆሟል።

«ላስፈራራው ብዬ ነበር እንጂ...» አለ። «የሚስቴ ወንድም ይደውላል፣ ይደውላል፤ 'አንተ እያለህ?' ይላል። ደረጃው ላይ ኮቱን ያዝኩት። 'የሰው ቃል ገብቻለሁ' አለኝ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ላይ ተመልሼ ገጹን ቀየርኩት።»

«ዝናብ እየመታው!» ብላ ጮኸች የማስታወቂያ ኃላፊዋ። «ሰውዬው ታች ዝናብ እየመታው!»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ ምክትሉ እጅ ተሻገረ። ዘጋቢው ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ የዛሬውን ገጽ አንድ እናፈርሰዋለን። ነጻ መሆንዎን፣ ከነፎቶዎ፣ ከላይ አወጣዋለሁ።»

«ውሃውስ?»

«እሱም ከሥሩ ይገባል።»

«የግድያ ወሬ ካለበት ገጽ ላይ ውሃውን ማን ያነባል? ተው ልጄ። ገጽ አንድን ለውሃው ብቻ ስጠው። ሟቹም ቃል የገባው ያንን ነው። እኔን፣ ግድያውንም ሁሉ፣ ገጽ ሰባት አውርደው።»

ልጃቸው ክንዳቸውን ለቀቀች። «አባዬ! ሰው የፈረደብህ በገጽ አንድ ነው! 'ስም ከመቃብር በላይ ይውላል' ብለህ ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህ?»

«ነኝ። ግን ልጅሽ የምትጠጣው ስሜን አይደለም።»

የመጀመሪያው ቅጂ ሲወጣ ማንም ለመቀበል አልደፈረም። በመጨረሻ ዘጋቢው ወሰደው፤ አነበበና «ልቀቁት» አለ።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ጋዜጣውን እየተሻማ ወደ ጉድጓዱ ጎረፈ፤ ከቀትር በፊትም ማንም እንዳይጠጣ ጉድጓዱ ተዘጋ። ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ ግን ወደ ሱቅ ሲሻገሩ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። አይተዋል፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ልጃቸው አደባባዩ ላይ፣ ጋዜጣ መሸጫው ፊት ቆማለች። ጋዜጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች ትገልጣለች፣ ገጽ ሰባት ከላይ እንዲሆን አጥፋ ትመልሳለች።

«እህት፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ሻጩ።

«በእያንዳንዷ ቅጂ አንድ ሰው እንኳ የአባቴን ነጻ መሆን ያያል» አለች፣ እጇን ሳታቆም።

እመት ለምን ወደ ሥራዋ ስትሄድ አየቻት። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ከክምሩ ግማሹን ወደ ራሷ ሳበችና ማጠፍ ጀመረች። ለምን ብላ አልጠየቀችም።