በከንፈር የረጠበ ክር

ጠዋት ጠዋት የልብስ ሰፊው ቤት እንደ ሕልም ነው። ፀሐይ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ትዘረጋለች፤ የጨርቅ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ የስፌት መኪናው ሳይቸኩል ያንጎራጉራል። እዚያ ቤት የገባ ሰው ተለክቶ ሲያበቃ እንኳ ወዲያው መውጣት አይሆንለትም። «ትንሽ ልቀመጥ» ይላል፤ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

ሰፈርተኛው ልብስ ሰፊውን «ጋሽ ልኬ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ሜትር ሳያወጣ በዓይኑ ብቻ ሰው ስለሚለካ። «አንተ፣ ወገብህ ላይ ጨምረሃል፤ ምነው፣ ሚስትህ ታረቀችህ እንዴ?» እያለ ደንበኛውን ያስቃል። ከእሱ ትይዩ እናቱ ይቀመጣሉ። የእጅ ሥራው፣ ዘምዘማውና ቁልፍ መትከሉ የእሳቸው ነው። ጣታቸው ዛሬም የወጣት ጣት ነው። ዓይናቸው ግን ከደከመ ቆይቷል፤ የመርፌ ቀዳዳ አያይም።

ስለዚህ ልኬ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእናቱን መርፌዎች ያዘጋጃል። ክሩን ይቆርጣል፣ ጫፉን አፉ ከትቶ በምራቁ ያረጥባል፣ በከንፈሩ ያሾለዋል፣ በቀዳዳው አሳልፎ ትንሿ ትራስ ላይ ይሰካላቸዋል። እሳቸውም ሰፍተው ሲያበቁ ክሩን በጥርሳቸው ይበጥሱታል። እናትና ልጅ ብዙ አያወሩም፤ የሚዋደዱት በዚህ ነው። ያያቸው ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላል።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ነርሷ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላት፣ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ራቅ ባሉ ከተሞች አዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ እየተዛመተ መሆኑ በሬዲዮ ከተነገረ ሰንብቷል።

«ጋሽ ልኬ፣ እኛ ዘንድ ሳይደርስ እንነጋገር ብዬ ነው» አለች። «እዚህ ቤት አንድ ሰው ቢታመም የት ነው የሚተኛው? ማን ነው የሚያስታምመው? ሁላችሁም ብትወድቁስ ውኃና ምግብ ማን በራችሁ ላይ ያደርሳል? ይህን ደህና ሆነን ሳለን መጨረስ ነው። ደግሞ እርስዎ ቁርጥራጭ ጨርቅ አያጡም፤ ለሰፈሩ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ቢሰፉልን።»

ልኬ ሳቀ። «ምነው ሲስተር፣ ሰላም አይደለሽም እንዴ? ገና ለገና ይመጣል ብለን አልጋ እናንጥፍለት? ኧረ አታሟርቺብን! ጉንፋን እንደሆነ አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ቀን ሥራ አስፈትቶኝ አያውቅም።»

«ይሄኛውን ሰውነታችን አያውቀውም። እርስዎ ቆመው ቢያሳልፉት እማማ ላይችሉት ይችላሉ። ለዚህ ነው ያሳለው ሰው ቤቱ ይዋል የምንለው።»

«ቤት መዋልማ የሰነፍ ነው።»

ሚስቱ ጨርቅ እያጠፈች ትሰማ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው እኮ የምትልህ» አለችው። «ያንን የኋላ ክፍል ጨርቁን አውጥተን መስኮቱን ብንከፍተው ምን ይጎዳናል? የትኩሳት መድኃኒትና ሳሙናም ገዝተን ብናስቀምጥ?»

«እሺ፣ ይደርሳል» አላት። ይደርሳል የተባለ ነገር የሚሆነውን ሆነ፤ ተረሳ።

ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ ቤቱ በዩኒፎርም ተሞላ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ለልክ ይመጣሉ። ያን ሰሞን ልኬን ጉሮሮው ከረከረው፤ ከዚያ ሳል ያዘው። ሚስቱ ግንባሩን ዳበሰችና ደነገጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ እሳት ሆነሃል! ሂድና ተኛ!»

«ሕፃናቱ ራቁታቸውን ይማሩ? ተይኝ እባክሽ፤ ሲሠሩ ይለቃል።»

አፉን በመዳፉ ጠረገና ክር ቆረጠ። አረጠበ፣ አሾለ፣ አሳለፈ። እናቱም ተቀብለው ሰፉ። በፀሐዩ ብርሃን ውስጥ ብናኙ እንደ ወትሮው ቀስ እያለ ይንሳፈፍ ነበር፤ ክፉ ነገር ገብቷል የሚያሰኝ ምልክት አልነበረም።

መጀመሪያ የወደቀው እሱ ነው። ወዲያው እናቱ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብለው መርፌያቸውን አስቀመጡ። የኋላው ክፍል እስከ ጣሪያው ጨርቅ እንደታጨቀ ነው። ምን ይደረግ? እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ትይዩ ተኙ። ሚስትየው መሀል ቆማ ወደ ማን እንደምትሮጥ ግራ ገባት። የትኩሳት መድኃኒት ፈለገች፤ የለም። ጎረቤት ልትጠራ ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ካለው አናጢ ቤት ሳል ይሰማል፣ ከጎኑ ካለችው መምህርት ቤትም ሳል ይሰማል። ልክ ሊለኩ መጥተው የነበሩት ልጆች ተኝተዋል።

ልኬ ግን ሌላ አገር ነበር፤ ትኩሳቱ አንሥቶ ወስዶታል። ክፍሉ ሰፋ፣ ጣሪያው ርቆ ሄደ፣ የስፌት መኪናው ማንም ሳይነካው ይሠራል። አፉ ውስጥ ክር አለ፤ ይስበዋል፣ አያልቅም። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ከከንፈሩ ወጥቶ በበሩ ይሾልክና መንገዱን ይሻገራል፤ አናጢው ቤት ይገባል፣ በመምህሯ ደጅ ያልፋል፣ የተኙ ልጆችን ትራስ እየነካ ይሄዳል። የሚጮህ ሰው የለም። ሁሉም ፈገግ እያለ ክሩን ወደ ከንፈሩ ያስጠጋል። በመጨረሻ ሲያይ ጫፉ የእናቱ ደረት ውስጥ ገብቷል። እሱ ባሳለ ቁጥር ክሩ ይከርራል፤ የእሳቸው ትንፋሽ ያጥራል።

«በጥሺው እማዬ! በጥርስሽ በጥሺው!»

እናቱ ሳቁለት። «ምን ቆርጦኝ፣ ልጄ? አንተ የሰጠኸኝን?»

ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። ይህ ሕልም አልነበረም። ሲስተር መጥታ የእናቱ ደረት ሲናጥ፣ ከንፈራቸው ሲጠቁር አይታ መኪና አስጠርታለች። ልኬ ሊነሣ ሞከረ፤ ትኩሳቱ መልሶ ጣለው። እናቱ ሲሄዱ እጃቸውን እንኳ አልያዘም።

«እማዬ ትመለሳለች?» አለ ለሚስቱ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ያህል ርቆ።

«አላውቅም» አለችው። «እኔ ምን አውቄ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን እኮ!» ብላ ፊቷን አዞረችና አለቀሰች።

ሲስተር ግን ለልቅሶ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። ያላመማቸውን ጎረቤቶች ሰብስባ የኋላውን ክፍል አስለቀቀች፣ መስኮቱን አስከፈተች፣ ልኬን ብቻውን እዚያ አስተኛችው። ሚስቱ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ትገባለች፤ ስትወጣ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ውኃና ሾርባ በየተራ በራቸው ላይ ይቀመጣል፤ አስቀማጩ አንኳኩቶ ይርቃል። መንገዱ በሙሉ እንዲህ ተደራጀ። ቀላል ነገር ነበር፤ አስቀድሞ ሊሆን ይችል የነበረ ቀላል ነገር። ይህ ልኬን ከሳሉ ይበልጥ ደረቱን ወጋው።

እናቱ ተመለሱ። ከስተው፣ ጥላቸው ብቻ ቀርቶ ተመለሱ፤ ግን ተመለሱ። በዚያው መኪና የሄዱት የአናጢው አባት ግን አልተመለሱም። ሕመሙን ማን አምጥቶ ማን እንዳስተላለፈ የሚያውቅ የለም፤ አናጢውም አንድ ቀን አልጠየቀም። ልኬ ግን የአናጢው ልጅ ለዩኒፎርሟ ስትለካ አጠገቧ ቆሞ ሲያስል የነበረ መሆኑን አይረሳም።

ድኖ ሲነሣ እናቱ የተኙበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመ። አልገባም።

«እማዬ» አለ። «እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ። አፌ ውስጥ የነበረውን ክር ነው ያቀበልኩሽ። በእጄ ልገድልሽ ነበር።»

እናቱ ከአልጋቸው ቀና አሉ። ሲናገሩም ትንፋሻቸው ቆም እያለ ነበር።

«አውቃለሁ ልጄ። ስታስል ሰምቼሃለሁ። ሲስተር ያለችህንም ሰምቻለሁ። ሂድ ተኛ ልልህ ነበር፤ ግን ሥራው እንዳይቀርብህ፣ ፊትህም እንዳይከፋብኝ ብዬ ተውኩት። አንተ ታመምኩ ማለት አፈርክ፤ እኔ ታመሃል ማለት ፈራሁ። ሁለታችን ተፋቅረን ልንጠፋፋ ነበር።»

ልኬ የበሩን መቃን ይዞ አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው እንደሚያለቅሰው ሳይሆን እንደ ሕፃን ልጅ።

እነሆ ወገኖቼ፣ የዚህ ቤት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ይዋደዳሉ፣ ይሠራሉ፣ ሰው ያከብራሉ። ያጡት ነገር ቢኖር አስቀድሞ መነጋገር ነው። ደግነት ያለ መሰናዶ ወረርሽኝን አያቆምም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ተሸክሞ ያደርሰዋል። እስቲ እናንተ ደግሞ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከቤታችሁ አንዱን ዛሬ ቢያተኩሰው የት ይተኛል? ማን ያስታምመዋል? በራችሁን የሚያንኳኳው ጎረቤት ማን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ «አሞኛል» ለማለት የማያፍር፣ «ታመሃል፣ ሂድና ተኛ» ለማለት የማይፈራ ሰው ቤታችሁ ውስጥ አለ?

እናትየው ልቅሶው እስኪወጣለት ጠበቁት። ከዚያ በደከመ ድምፃቸው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን አዘዙት።

«በል አሁን ፊትህን ታጠብና ሂድ። አናጢው ቤት ልጅቷ ገና ታስላለች፤ አባቷም ገና አልተነሣም፣ እናቷ ብቻዋን ናት። ደጅ ላይ ቆመህ ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቃት።»

ልኬ ፊቱን ታጥቦ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ወጣ።