የጎማ ውስጥ ዶቃ

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እርሳሱን ማን አደረገው?»

ፍሥሐ ይህን የጠየቃት እሑድ ጠዋት በላንድሮቨሩ የፊት ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ለጋራዡ ሰዎች ምግብ የምታበስለው ማንጠግቦሽ ነበረች። ሳታስፈቅድ ከጠረጴዛው ላይ ያነሣችው እርሳስ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። እጇን ኪሷ ላይ ጫን አድርጋ ዝም አለች። ፍሥሐ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ካሣሁን መሆን አለበት። ስመለስ አሳየዋለሁ!» ብሎ እየሳቀ ተነሣና መኪናውን አስነሣ።

አልተመለሰም። ወደ ናይቫሻ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የፊት ግራ ጎማው ፈነዳና መኪናው ተገልብጦ ገደል ገባ።

ጊዜው 1977 ዓ.ም. ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ሁርሊንግሃም የነበረው የፍሥሐ ጋራዥ ወደ ማርሳቢትና ወደ ሞያሌ ለሚወጡ የእርዳታ መኪኖች ጎማ ያዘጋጃል። በሌላ ጋራዥ ጎማ እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንሽ ክብደት ይመታበታል። የሰሜኑ መንገድ ድንጋይ ግን ያን ክብደት በአንድ ቀን ነቅሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ፍሥሐ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ጎማው ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች መጨመር። ጎማው ሲፈጥን ቅንጣቶቹ ራሳቸው እየተንከባለሉ ክብደት ወደ ጎደለበት ይሄዳሉ። የጋራዡ ሰዎች «ዶቃ» ይሏቸዋል። መዝና የምትጨምረው የማንጠግቦሽ ልጅ ሠናይት ነበረች።

ማክሰኞ ዕለት ሦስት ሰዎች ከአንድ ኬንያዊ ሳጅን ጋር መኪናውን ሊያወጡ ወረዱ። የፍሥሐ ሸሪክ ካሣሁን፣ ከኢስትሊ ሰፈር መለዋወጫ የሚያመጣው ነጋዴ አብዱልፈታ እና ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየው ዘርይሁን ነበሩ። ሳጅኑ በተቀደደው ጎማ ውስጥ ዶቃ አገኘ፤ ለማንም ሳያሳይ በፖስታ ውስጥ ከትቶ አሸገው። በዚያው ዕለት ወሬው ጋራዡ ደረሰ፤ የገደለው ዶቃው ነው፣ ልጅቱ አበላሽታለች ተባለ።

ሠናይትና እናቷ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ወደ ኖርዌይ ሊሄዱ የጉዞ ወረቀታቸው ወጥቶ ነበር። በሠናይት ላይ ክስ ከተከፈተ ወረቀቱ ይሰረዛል። ማንጠግቦሽ ይህን ካወቀች ወዲህ መቀመጥ አልቻለችም። ሽንኩርት መክተፍ ትጀምርና ትታው በሩ ጋ ትሄዳለች። ከበሩ ትመለስና ቢላዋው የት እንደተቀመጠ ይጠፋባታል።

ረቡዕ ጠዋት ኑሬ ሳኒ መጣ። አዲስ አበባ ሳለ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበር። አሁን ዌስትላንድስ ለሚገኝ የመድን ድርጅት የተሰባበሩ መኪኖችን ይመረምራል። ቀጭን ሰው ነው፤ ወንበር ቢሰጡት አይቀመጥም።

«ሻምበል፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ካሣሁን።

«ሻምበልነቱን ድንበሩ ላይ ጥዬው ነው የመጣሁት። ጎማው የታለ?»

ካሣሁን የተተለተለውን ጎማ ከነቸርኬው እየገፋ አመጣ። «አፌ እስኪደርቅ ነግሬው ነበር። "ጎማ እኮ ሙሽራ አይደለም፣ ምን ዶቃ አስፈለገው?" እለዋለሁ። ይስቅብኛል። ይኸው!»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እንደ ሰው ሁሉ ክብደቱን ከውጭ መምታት ነዋ!»

«መትተህለት ታውቃለህ? ለቀልድ እንኳ?»

«በእሱ መኪና ላይ? ሊያባርረኝ!»

ኑሬ ጎንበስ አለ። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ጭረት አየ። የድንጋይም ልትሆን ትችላለች። ቀጥሎ እጁን ወደ ጎማው ውስጥ አስገባ። ከብዙዎቹ ቅዳጆች መሀል አንዱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከውስጥ ተጀምሮ ውጭውን ሳይነካ የቆመ። እጁን ጠረገ።

ሠናይት ስትጠራ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ስንት ጨመርሽ?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም። ፀሐይ ላይ አድርቄ ነው የምጨምረው። እርጥበት ከያዘው ተጣብቆ አንድ ቦታ ይቀራል። አቶ ኑሬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«እሱን ገና አልደረስኩበትም። ከምትጨምሪው ትንሽ ስጪኝ።»

በትንሽ ጠርሙስ አመጣችለት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየውና ኪሱ ከተተው።

አብዱልፈታ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ወላሂ፣ ዕቃውን ከሞምባሳ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። በእጄ ሰፍሬ ነው የሰጠሁት። የእኔ ዕቃ ሰው አይገድልም።»

«እሑድ ወዴት ነበር የሚሄደው?»

«ናይቫሻን አልፎ፣ ናኩሩ። አንድ ሰው ላመጣ ነው አለ፤ በ1970 አብሮት ታስሮ የነበረ። ዓርብ ምሳ ላይ ነው የነገረን፤ ሁላችንም ነበርን።»

ዘርይሁን ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነበር። የስደተኞችን ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የሠናይትንና የእናቷንም የጻፈው እሱ ነው።

«ልጅቱ ታሳዝናለች» አለ። «ሆን ብላ አይደለም።»

«መኪናውን ወስደህ ነበር አሉ።»

«ቅዳሜ። ኪሊማኒ አንድ አልጋ ላደርስ። ከሰዓት በኋላ መልሻለሁ። አቶ ኑሬ፣ እኔ ስለ መኪና የማውቀው መንዳቱን ብቻ ነው። እነሱ ምሳ ላይ ዶቃ ዶቃ ሲሉ እሰማለሁ እንጂ።»

ኑሬ ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ መርፌና ክር ይኖርዎታል?»

ሰጠችው። ሊወጣ ሲል መንገዱን ዘግታ ቆመች። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው እንዳይሰማት ፈራች። ኪሊማኒ በሚገኘው የጎልማሶች ፊደል ትምህርት የምትጽፍበትን ደብተር ገልጣ፣ ቆማ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየተጫነች ጻፈች። ደብተሩን ከነእርሳሱ አቀበለችው።

«እርሳሱን ማን አደረገው አለኝ» ይላል።

«ይኸው» አለች በሹክሹክታ። «የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሑድ ሊሄድ ሲል ጠየቀኝ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ሟችን ዋሽቼ የቀረሁ መሰለኝ። እግዜር በልጄ መጣብኝ።»

«የት ሆኖ ነው የጠየቀዎት? ጠረጴዛው ጋ?»

«የለም፣ ጎማው ጋ። ቁጢጥ ብሎ። ቸርኬውን በጣቱ እየነካካ።»

ኑሬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ቸርኬ ላይ የሚመታው ክብደት ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?»

«ከብረት ነዋ።»

«ከእርሳስ ነው። የሚከብደው፣ የሚቀልጠው እርሳስ። ፍሥሐ ስለ እርስዎ እርሳስ አልጠየቀም።»

ማንጠግቦሽ ደብተሯን አየች። «እርሳስ ሁለት ነው?»

«ሁለት ነው። ለዚህ ጉዳይ ደግሞ የሚያስፈልገን የማይጽፈው ነው።»

ኑሬ ሐሙስን በሙሉ አልታየም። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሳጅኑ ጋር ተመልሶ አምስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሳጅኑ ከበሩ ተደግፎ ቆመ። ማንጠግቦሽ የልጇን ክንድ ይዛ ነበር፤ ሠናይት «እማዬ፣ አሳመምሽኝ» ስትላት ነው የለቀቀቻት።

«ጎማው በራሱ አልፈነዳም» አለ ኑሬ። «ከውስጥ በስለት ተቆርጧል፤ ከውጭ እንዳይታይ፣ ሲግል እንዲፈነዳ ሆኖ። ከውስጥ ለመቁረጥ ጎማውን ከቸርኬው ማውለቅ ያስፈልጋል። ያንን በጉልበት ብቻ የሚያደርገው የለም፤ ጎሚስታ ቤት ይወሰዳል።»

«እዚሁ አለ እኮ ማውለቂያው!» አለ ካሣሁን።

«አለ። እዚህ ቢወልቅ ግን እርሳስ አይመታበትም ነበር። እሑድ ጠዋት ፍሥሐ ቸርኬው ላይ እርሳስ አይቷል። "ማን አደረገው?" ብሎ እትዬ ማንጠግቦሽን ጠይቋል። ካሣሁን፣ አንተ የቀለድክበት መስሎት ነው ስቆ የሄደው። ሠናይት፣ ዶቃ ካለው ጎማ ላይ እርሳስ ትመቺያለሽ?»

«በፍጹም! ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ።»

«እንግዲህ እርሳሱን የመታው ይህን ጋራዥ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጎማ ገጥሞ ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። መኪናው ሲገለበጥ እርሳሱ ተነቅሎ ወደቀ፤ የቀረችው ጭረት ብቻ ናት። ትናንት ከኪሊማኒ እስከ ዌስትላንድስ አሥራ አንድ ጎማ ቤት ገባሁ። አሥራ አንደኛው ጎማ ሠሪ፣ እዚህ ፉንዲ የሚሉት፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። "ቅዳሜ አንድ ሀበሻ ጎማ ከነቸርኬው አስቀምጦልኝ ሻይ ሊጠጣ ሄደ" አለኝ። "ጎማውን ሳወልቅ ነጭ ነገር ፈሰሰ። ጠርጌ በቆርቆሮ አስቀመጥኩት። ሰውየው ተመልሶ ባዶ ጎማውን ይዞ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ መልሶ አመጣውና ገጠምኩለት።"»

ሳጅኑ ቆርቆሮውን አነሣ።

«ቅዳሜ መኪናውን የወሰደው አንድ ሰው ነው» አለ አብዱልፈታ ቀስ ብሎ።

ዘርይሁን ፈገግ አለ። «ናይሮቢ ውስጥ ሀበሻ እኔ ብቻ ነኝ?»

«አይደለህም። ስለዚህ ወደ ዶቃው እንምጣ።» ኑሬ ከደረት ኪሱ የክር ጥቅል አወጣ። ክሩ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ዶቃዎች ተደርድረው ነበር። «ሳጅኑ ማክሰኞ ከጎማው ውስጥ ያገኘው ይህን ነው። ረቡዕ በፊቱ ፖስታውን ከፍተን በእትዬ ማንጠግቦሽ መርፌ ሰካሁት። ሠናይት፣ ያንቺን ስኪልኝ እስቲ።»

ሠናይት ክሩን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። «የኔ አይሰካም። የኔ ቀዳዳ የለውም! ድፍን የመስታወት ቅንጣት ነው። ዶቃ የምንለው እንዲያው ለጨዋታ ነው እንጂ...»

«ለጨዋታ ነው። አንቺ በየቀኑ ትመዝኚዋለሽ። ካሣሁን ይሳለቅበታል፣ ግን ያውቀዋል። አብዱልፈታ በእጁ ሰፍሯል። ገደሉ ድረስ ከወረዱት ሦስት ሰዎች ቃሉን ሰምቶ ነገሩን አይቶ የማያውቅ አንድ ብቻ ነው። ጎማው ውስጥ ዶቃ ካልተገኘ ይጠረጠራል ብሎ ፈራ። ገበያ ሄዶ "ዶቃ" አለ። ዶቃ ሸጡለት። ማክሰኞ ገደሉ ውስጥ ከተቀደደው ጎማ ውስጥ ከተተው።»

«ለምን ብዬ ነው ፍሥሐን የምገድለው?» አለ ዘርይሁን። ጨዋ ድምፁ ሻክሮ ነበር።

«ናኩሩ ያለውን ሰውዬ ዛሬ ጠዋት አነጋገርኩት። ቀበሌ ውስጥ ስትመረምረው በሌላ ስም ነበር የምትጠራው። የተገረፈበትን የውስጥ እግሩን ጠባሳ አሳየኝ። ፍሥሐ ሊያመጣው የነበረው አንተን በዓይኑ አይቶ እንዲለይህ ነው።»

ዘርይሁን ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሳጅኑ ከበሩ አልተነቃነቀም። ካሣሁን ከኋላ ኮሌታውን ያዘው። «የእኔን ማመልከቻ እኮ አንተ ነህ የጻፍከው!» አለ፤ ሌላ የሚለው የጠፋበት ይመስል ደጋግሞ ያንኑ አለ።

ካቴናው ከገባ በኋላ ሳጅኑ ከኑሬ ጋር በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተነጋገረ። ኑሬ ወደ ማንጠግቦሽ ሲመጣ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

«ሠናይት ነጻ ናት። ግን አንድ ነገር አለ። ፉንዲው በቀን ሠላሳ ቸርኬ ላይ እርሳስ ይመታል፤ የትኛው የማን እንደሆነ መማል አይችልም። ያ እርሳስ እሑድ ጠዋት በዚህ መኪና ላይ እንደነበረ የሚናገሩ እርስዎ ብቻ ነዎት። ቃልዎን ከፈረሙ ምስክር ይሆናሉ። ምስክር ደግሞ ፍርዱ እስኪሰጥ ከአገር አይወጣም።»

«ስንት ጊዜ ነው?»

«ዓመት። ምናልባት ሁለት። ወረቀትዎ እስከዚያ አይጠብቅዎትም።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ያመልጣል። ሳጅኑም መዝገቡን በማን ላይ እንደሚዘጋው እንጃ።»

«እማዬ፣ እንዳትፈርሚ!» አለች ሠናይት። «አብረን ነው የምንሄደው። ካልሆነ እኔም እቀራለሁ!»

«ዝም በይ። አንድ ጊዜ ስጠየቅ ዝም ብዬ ሰው ሞቷል።» ወደ ኑሬ ዞረች። «የት ላይ ነው?»

አሳያት። ፈረመች።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ እናትና ልጅ ተጨቃጨቁ። ሠናይት ሻንጣዋን ታፈርሳለች፣ ማንጠግቦሽ መልሳ ታስገባለች። ረቡዕ ሠናይት በራፉ ላይ ተቀምጣ አልሄድም ብላ አለቀሰች። ማንጠግቦሽ አጠገቧ ተቀምጣ ካልሲዎቿን እያጠፈች «ብርድ ነው አሉ፤ ሁለት ሁለት አድርገሽ ልበሽ» ከማለት በስተቀር ሌላ አልመለሰችላትም።

ሠናይት ሐሙስ ሄደች። ማንጠግቦሽ ናይሮቢ ቀረች።