ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ስልኩ ከስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ እንደገና ነዘረ። እሜቴ እጇን ከጨርቁ አንሥታ አየችው። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያችው አንዲት ቃል ናት። ቃሏን ግን እንደ አዲስ አነበበቻት።

«እሜቴ» እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንገቷን ቀና አድርጋ ትራመድ ስለ ነበር፣ ልብስ ሰፊው አባቷ ያወጣላት የቁልምጫ ስም ነው። ቤተሰቡ ወደ ከተማው ሌላ ዳር ከተዛወረ ወዲህ ግን ያ አንገት ወደ ስልክ አዘንብሎ ቀርቷል። በአዲሱ ትምህርት ቤት የሚያጫውታት ስለሌለ፣ የድሮ ክፍሏ ልጆች በየቀኑ በሚለጥፉት ፎቶ ያለ እርሷ ሲስቁ እያየች ትውላለች።

ትናንት ከእነዚያ ልጆች አንዱ እሜቴ ያለችበትን የቆየ ፎቶ ለጥፎ፣ «ይቺን ልጅ የሚያስታውስ?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰችለት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ሳቋ ከግቢው አጥር ውጭ ስለሚሰማ «ደወል» የሚሏት፣ ፊደል ከቆጠሩበት ጊዜ ጀምሮ ከእሜቴ ጋር አንድ ዴስክ የተጋራች የልብ ጓደኛዋ። መልሷም አንዲት ቃል ነበረች፦ «ትረሳለች።»

ከቃሏ ሥር ቀይ ልቦች ይደረደሩ ጀመር። እሜቴም እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት ነገሩን ያየች የአዲሱ ክፍሏ ልጅ ደግሞ እሳቱን ቆሰቆሰችው፤ ሙድ እየያዘችብሽ ነው፣ ዝም ካልሽ ነገም ትደግምሻለች፣ አንቺም ልክ ልኳን ንገሪያት አለቻት።

ልክ ልኳን የሚነግር ነገር በእጇ ነበር። ደወል አምና በቲያትር መድረክ ላይ የምትናገረው ጠፍቶባት፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ስታለቅስ ራሷን ያነሣችው ፎቶ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። «ላንቺ ብቻ» ብላ ነበር የላከችላት። ፎቶው አሁን ከዚያች ቃል ሥር ሊለጠፍ ተሰናድቷል፤ የቀረው መንካት ብቻ ነው። ከቀትር ጀምሮ የእሜቴ ጣት ወደዚያ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እግሯም ከወንበሩ ሥር አላርፍ ብሏል።

«እሜቴ፣ የዚህን ቀሚስ ወገብ ምን አድርጊው ነበር ያልኩሽ?» አለ አባቷ፣ በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች ሳይለቅ።

ቀሚሱን አነሣችው። ደንበኛዋ ጠቦኛል ብላ የመለሰችውን ወገብ ይባስ አጥብቃ ሰፍታዋለች።

«ይላላ ያልኩሽን አጥብቀሽው አረፍሽ። ሴትዮዋ ይሄን ለብሳ ምሳ ከበላች የምናወጣት በመቀስ ነው።» ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። «ለመሆኑ ይሄ ስልክ ምን ቢልሽ ነው እንዲህ የሚያቁነጠንጥሽ?»

ፎቶውን ሸሸገችና ቃሏን ብቻ አሳየችው። አባቷ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ትረሳለች። ታዲያ ምን ውሸት አለው? ትናንት የቤቱን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክተሽ አልነበር የሄድሽው?»

እሜቴ ቀና አለች። አባቷ «ረ»ን አላልቶ ነው ያነበባት፤ እርሱ የታየው ነገር የምትረሳ ልጅ ናት። እርሷ ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላልታ አላነበበቻትም። ጥርሷን ነክሳ፣ «ረ»ን አጥብቃ፣ ሁሉም እንደሚረሷት ነበር የሰማችው። ፊደሉ ያው ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ጠብቆ ነው ላልቶ የሚነበበው?»

«እኔ በምን ዐውቄ። ፊደሉ አይነግርሽም፤ የጻፈችውን መጠየቅ ነው እንጂ» ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

እሜቴ ቃሏን ደጋግማ አየቻት። ስታጠብቃት ያማታል። ስታላላትም በሌላ በኩል ያማታል፤ ደወል ከዝውውሩ ወዲህ «የት ጠፋሽ?» እያለች የላከቻቸው መልእክቶች መልስ ሳያገኙ ተደርድረዋል። ሆድ ሲብሳት፣ ነገ እመልሳለሁ እያለች የተወቻቸው ናቸው። ደወል የቱን ማለቷ እንደ ሆነ አላወቀችም። መልሱን ሳታውቅም ፎቶውን ከተሰናዳበት አነሣችው፤ ከስልኳም አጠፋችው።

ከዚያ ለደወል ደወለች። ጥሪው ረዘመባት።

«እ» አለች ደወል፣ ሳቅ በሌለው ድምፅ።

«ትናንት የጻፍሽውን አንብቢልኝ።»

«ዓይን የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። ካንቺ አፍ ልስማው።»

«ትረሳለች» አለች ደወል፣ «ረ»ን ሳትጫናት። ድምፅዋ ጫፉ ላይ ተሰበረ። «ምነው፣ ዋሸሁ? ከሄድሽ ወዲህ አንድ ቀን ደውለሽልኛል?»

እሜቴ ቀሚሱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች።

«ትመጫለሽ፣ ወይስ ትረሺያለሽ?»

እሜቴ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ያጠበቀችውንም ስፌት በምላጭ ጫፍ ቀስ እያለች መተርተር ጀመረች።

«አትዝጊው» አለች። «ከሄድኩ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ንገሪኝ።»