ያልቀዘቀዘው ቆርኪ

«እያለቀሰ ነው የወጣው» አሉ የኮሌጁ ዲን ዶክተር ያቤጽ።

«ኧረ እየሳቁ ነበር!» አለች ጸሐፊዋ አበዛሽ።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሬጅስትራሩ ስለ አቶ ተክለሃይማኖት ነው። እሳቸው ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቀው፣ በሚፋጀው የአዳማ ፀሐይ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ተሸፍነው ተኝተዋል።

ኢንስፔክተር ሌንሳ ወደ ዲኑ ዞረች። «ይንገሩኝ እስቲ።»

«ጠዋት ዕጣ ነበር። ውጤታቸው እኩል የሆነ ሰባት ልጆች፣ አንድ የነጻ ትምህርት ቦታ። ተክለሃይማኖት ዓይኑን ታስሮ አወጣ፤ ለአርሲ ነገሌዋ ለኢሕሳን ደረሰ። ከሰዓት ቢሮዬ መጥቶ ‹ከአባቷ ጉቦ በልቻለሁ› ብሎ አለቀሰና ወጣ። እኔ ከቢሮዬ አልተንቀሳቀስኩም። ቬንትሌተሬ ስለሚጮህ ሲወድቅ እንኳ አልሰማሁም።»

የኢሕሳን አባት አብዱናሲር ከስንዴ ጭነቱ አቧራ ሳይራገፍ ቆሟል። «እኔ ጉቦ? ለአይሱዙዬ ጎማ መቀየሪያ ያጣሁት ሰውዬ? ወላሂ ሟቹን ዛሬ ገና ነው ያየኋቸው! ቦታውን ይውሰዱት፤ ስሜን ግን ይመልሱልኝ።» ኢሕሳን አጠገቡ ሆና መሬት መሬት ታያለች።

ሌንሳ አበዛሽን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«ሲስቁ ምን አሉሽ?»

«‹አበዛሽ፣ ዛሬ እኮ ዕጣውን ያወጣው መብራቱ ነው!› አሉኝ። ምኑ እንደሆነ እኔንጃ። መብራት እንደሆነ ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቶ፣ የመጣው እናንተ ስትደርሱ ነው።»

«ስሞቹን የዕጣው ባልዲ ውስጥ ማን ከተተ?»

«እኔ። ስሙ ተጣጥፎ የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ ይጠቀጠቃል። አንዱን ብቻ ዶክተር ራሳቸው አምጥተው፣ በሰማያዊ መሀረብ ጠርገው ከተቱት። ‹ንጽሕና ነው› ብለው ቀለዱ።»

ሌንሳ ባልዲው ውስጥ የቀሩትን ስድስት ቆርኪዎች ፈታች። የአምስቱን ወረቀት ውሃ አልነካውም። በስድስተኛው ላይ «ሚኪያስ» የሚለው ስም ቀለሙ ፈሶ ተዥጎርጉሯል። ሚኪያስ የኮሌጁን አዲስ ሕንጻ የሚሠራው ኮንትራክተር ልጅ ነው። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ከበረንዳው አጥር ሥር ሰማያዊ መሀረብ ወድቋል።

ሁሉንም ዕጣው በወጣበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ቆርኪ ብረት ነው» አለች። «ፍሪጅ ውስጥ ካደረ፣ ዓይኑ የታሰረ ሰውም በጣቱ ይለየዋል። ዶክተር፣ የሚኪያስን ቆርኪ በረዶ ውስጥ ያሳደሩት እርስዎ ነዎት። መብራቱ ሲጠፋ በረዶው ቀልጦ ወረቀቱን አራሰው። እርስዎ በመሀረብ ስለያዙት መሞቁን አላወቁም። አቶ ተክለሃይማኖት እንደተስማማችሁት ቀዝቃዛውን ፍለጋ እጃቸውን ሲሰዱ ሁሉም ቆርኪ አንድ ዓይነት ሆነባቸው። ሳይወዱ በግዳቸው እውነተኛ ዕጣ አወጡ፤ ከልባቸውም ሳቁ። ይህን ነገሩዎት፤ እርስዎ ግን አላመኑም።»

«እኔ ቢሮዬ ነበርኩ አልኩሽ!»

«ቬንትሌተሩ በምን ዞረ? አዳማ ውስጥ ሰው ሲዋሽ እንኳ ቬንትሌተር ከፍቶ ነው። መሀረብዎስ ያለ እርስዎ አራተኛ ፎቅ ወጣ?»

ዲኑ ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ለሌላ ሸጦኛል ብዬ ነው… ገፋሁት። ግን እስቲ አስቢው፤ ልጆቹ እኩል ናቸው! ማንም ቢገባ ያው ነው። ማንን በደልኩ?»

ሌንሳን አንቅሮ መትፋት አማራት። «እርስዎ» ማለቷም እዚያ ላይ አበቃ።

«ለፍተው እኩል ወጡ። ከዚያ በኋላ ከዕድል ሌላ የቀራቸው ነገር አልነበረም፤ አንተ እሷኑ ነጠቅካቸው። እጅህን አምጣ።»

ካቴናው ሲቆለፍ አብዱናሲር ልጁን ክንዷን ያዘ። «ነይ፣ መኪና ውስጥ ግቢ። ሰው የሞተበት ቦታ ይቅርብን።»

ኢሕሳን ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ስሟ የወጣበትን ቆርኪ ከጠረጴዛው አንስታ ጨበጠችው።

«አንተ ሂድ፣ አባዬ» አለች ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የእኔን ማንም አላቀዘቀዘውም። እዚሁ እማራለሁ።»